የዋግ ወጣትና የታሪክ ልብ ወለድ
የትኛውን እናንብብ? እንዴትስ እናንብብ?

ለጽሑፍ ክፍላችን ከቀረቡት ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያርፉ ሆነው አግኝተናቸዋል። ይኸውም «ልብ ወለድ ማንበብ ይገባናልን? የሚገባስ ከሆነ የትኛውን እናንብብ?» የሚል ነው። የጀብዱና የታሪክ ልብ ወለዶች በተለይ በወጣቶች ዘንድ እጅግ የተወደዱ ስለ ሆኑ ስለ እነዚሁ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። የመጻሕፍቱን ስም ብቻ ደርድረን ብንተው ሥራው በቀለለልን ነበር። ነገር ግን በዋግ ምድር ተወልዶ ያደገ ወጣት የታሪክ ልብ ወለድ ሲያነብ፣ ሌላው አንባቢ የማይገጥመው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። እርሱን ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ብዙ አንቆይም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን የገሠጸው ስለ አንዲት በግ በተነገረ ታሪክ ነው (፪ኛ ሳሙ. ፲፪)፤ ንጉሡ ባልነበረ ሰው ላይ ከፈረደ በኋላ ነው ራሱን ያገኘው። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ወጣቶች የግሪኮችን መጻሕፍት እንዴት ማንበብ እንዳለባቸው ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፎላቸዋል፤ ንብ ከየአበባው የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትወስድ እንዲሁ አድርጉ ይላቸዋል። በአገራችንም እጨጌ ዕንባቆም በ16ኛው መቶ ዓመት በረላም ወይዋሰፍን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰዋል። ያ መጽሐፍ በቤተ መንግሥት ተዘግቶበት ያደገ የአንድ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ሲሆን ከዕቃ ቤቶቻችን መጻሕፍት ጋር ኖሯል። ስለዚህ ታሪክ መስማትና መናገር ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ልብ ወለድን እንደ ገድል፣ ገድልንም እንደ ልብ ወለድ ማንበብ ግን ስሕተት ነው፤ ሁለቱ የተጻፉበት ዓላማ ለየቅል ነውና።

እንግዲህ ወደ መጻሕፍቱ። ገና ማንበብ ለጀመሩት ታናናሾቻችን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ እንመርጥላቸዋለን። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» በመባል የታወቀው ትንሽ መጽሐፍ ነው። አጭር ነው፤ ጦርነት፣ ምርኮ፣ ሽፍታ፣ መንገድ መሳት፣ ፍለጋ ሁሉ አለበት። የተማረከውን አባት አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል፤ ልጁ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ከቤት ይወጣና ይጠፋል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች። ልብ በሉ፤ በቋንቋችን የመጀመሪያ በሆነው ልብ ወለድ ጀብዱውን የምትሠራው ሴት ልጅ ናት። እኅቶቻችን «የጀብዱ መጽሐፍ የወንዶች ነው» ሲባሉ ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለናል። በዚያም ላይ የመጽሐፉ መነሻ ብድር ነው። ማንም ሳያስገድደው አንድ ወጣት «አባቴን ያዳነ ሰው ገንዘቡ ሊመለስለት ይገባል» ብሎ መውጣቱ ታሪኩን ሁሉ ያንቀሳቅሰዋል። ቋንቋው አንዳንድ ቦታ ያስቸግራል፤ ያላወቃችሁትን ቃል ምልክት እያደረጋችሁ እለፉ፤ የቅኔ ተማሪዎች ያግዟችኋል።

ስለ ደራሲው አንድ ነገር መናገር ይገባል። አፈ ወርቅ በአማርኛ ችሎታቸው አቻ የማይገኝላቸው ሆነው ሳለ፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ከጠላት ጎን ቆመው «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕርግ ተቀብለዋል። መጽሐፉ ከወረራው ብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። አንዳንድ ወንድሞች «እንዲህ ያለውን ሰው መጽሐፍ ለምን እናነባለን?» ብለውናል። እኛ ማንበቡን እንመርጣለን፤ ነገር ግን የደራሲውን ታሪክ ሳይሸፍኑ ነው። መልካም መጽሐፍ የጻፈ እጅ ሁልጊዜ መልካም ነገር ይሠራል ብሎ ማመን ለአንባቢ አደገኛ ነው።

ከዚህ ከፍ ላሉት «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ ያላነበበው እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል፤ ወይም ከሰማ ሰው ሰምቶታል። የጀብዱ መጽሐፍ ባይባልም ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ወጥታ የምትጓዘው ጉዞ ከማንኛውም ጀብዱ የማያንስ ልብ ሰቃይ ነው፤ መጨረሻውን ግን ላላነበቡት ስንል አንናገርም። ለእኛ ለሰንበት ት/ቤት ልጆች የሚቀርበው ሰው በዛብህ ነው። ወላጆቹ ልጅ አልበረክትላቸው ብሎ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት፣ ቅኔ የተማረ ልጅ ነው፤ እርሱ ሳይጠየቅ በተሳለበት ስለትና በገዛ ልቡ መካከል ሲጨነቅ እናየዋለን። ደራሲው ራሳቸው በልጅነታቸው በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ስለ ሆኑ የተማሪ ቤቱን ኑሮ የጻፉት ከውስጥ ሆነው ነው።

ይህ መጽሐፍ ታሪካዊ ልብ ወለድን እንዴት እንደምናነብ ለመለማመድም ይጠቅማል። ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ ሰው አልነበሩም፤ ደራሲው የፈጠሯቸው ናቸው። ነገር ግን ባላባትና ጭሰኛ ነበሩ፤ ጭሰኛው የሚከፍለው ግብርና መማለጃ ነበረ፤ በዘር መመካት ነበረ። ሰውየው ልብ ወለድ፣ ኑሮው ግን ታሪክ ነው ማለት ነው። የሚያነብ ወጣት ይህን ልዩነት ከለመደ ሌሎቹን መጻሕፍት ለማንበብ ዝግጁ ሆነ እንላለን።

አሁን ከላይ የጠቀስነው፣ ለእኛ ለዋጎች የሚከብደው ጥያቄ መጣ። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የአፄ ቴዎድሮስን ያህል የተጻፈለት ንጉሥ የለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቲያትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በሚለው በ1958 ዓ.ም. በወጣው ልብ ወለዳቸው፣ አቤ ጉበኛ ደግሞ «አንድ ለእናቱ» በሚለው በ1961 ዓ.ም. በታተመው ወፍራም መጽሐፋቸው ጽፈውላቸዋል። እነዚህን ሁለት ልብ ወለዶች ለወጣቶች ከልባችን እንመክራለን። የብርሃኑ አማርኛ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት፣ የጋዜጠኛ እጅ ያለበት ስለ ሆነ ቶሎ ይነበባል። የአቤ ሰፊ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ከድኃ እናት ቤት የተነሣ አንድ ልጅ እንዴት ለዙፋን እንደ በቃ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሁለቱንም ያነበበ ወጣት ካሣ ኃይሉን ይወዳል፤ መቅደላ ላይም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱ ያለቅሳል። ማልቀሱ ተገቢ ነው፤ ደራስያኑም የጻፉት ይህንኑ አስበው ነው።

ነገር ግን ይህን መጽሐፍ ሰቆጣ ላይ ተቀምጦ የሚያነብ ልጅ አንድ ሌላ ስም ያውቃል፤ ወይም ማወቅ ነበረበት። ዋግሹም ገብረ መድኅን የዋግ ገዥ ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ በስቅላት ቀጧቸው። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ በአባታቸው ከዋግ፣ በእናታቸው ከላስታ መሳፍንት የተወለዱ ሲሆኑ፣ በንጉሡ ላይ ሸፍተው በዘመኑ መጨረሻ ከኃያላኑ ተቀናቃኞች አንዱ ሆኑ። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ዙፋኑን ያዙ። ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የዋግ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ይህን ከሰንበት ት/ቤታችን አባላት ስንቶቻችን እናውቀው ነበር? አፄ ቴዎድሮስ ለአገር አንድነት ያሰቡትን ሁሉም በቃሉ ይናገራል። አባቱ በስቅላት የተቀጣበት የዋግ ልጅ በዚያ ሌሊት ምን አሰበ ብሎ የጻፈ ልብ ወለድ ግን እኛ እስካሁን አላገኘንም።

ይህን የምንለው ደራስያኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ ወይም ቴዎድሮስን የሚወድ ሰው ዋግን ይጠላል ለማለት አይደለም። ልብ ወለድ በባሕርይው አንድን ሰው መርጦ ይከተላል። አንባቢው ከጀግናው ጋር በአንድ በቅሎ እንደ ተፈናጠጠ ሰው ነው፤ መንገዱን የሚያየው ከኋላው ተቀምጦ ነው። ጀግናው የቀጣው ሰው ለአንባቢውም ጠላት ይሆንበታል፤ ያ ሰው ሚስትና ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ በአገሩ ምን ይባል እንደ ነበረ ለመጠየቅ ፋታ አያገኝም። እኛ የምንለው «ከበቅሎው አትውረዱ» አይደለም፤ «ውረዱና በእግራችሁ እየሄዳችሁ የመንገዱን ሰዎች ጠይቁ» ነው። ለዚህም የሚረዳ መጽሐፍ አለ። አቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ «አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት»፣ «አፄ ዮሐንስና የኢትዮጵያ አንድነት»፣ «አፄ ምኒልክና የኢትዮጵያ አንድነት» በሚሉት ሦስት ትልልቅ መጻሕፍታቸው ዘመኑን በሰፊው ጽፈውታል። ልብ ወለዱን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ እነዚህ ሂዱ፤ የዋግሹሞቹንም ስም ፈልጉ።

የተክለ ጊዮርጊስ ፍጻሜ ደግሞ ራሱ ልብ ወለድ የሚወጣው ነው። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ እኅታቸውን ወይዘሮ ድንቅነሽን ለጎበዜ ድረውላቸው ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ አማቾች ናቸው። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ለካሣ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ሁለቱ ተዋጉ። የንጉሡ ሠራዊት 60,000፣ የካሣው 12,000 ያህል ነበር ይባላል፤ ትልቁ ሠራዊት በትንሹ ተሸነፈ። ንጉሡ ተማረኩ፤ በእስር ላይም ሞቱ። ካሣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። እስኪ አስቡት፦ በሁለቱ መካከል የቆመች አንዲት ሴት አለች፤ የአንዱ ሚስት፣ የሌላው እኅት። የእርሷን ልብ የሚያሳየን ደራሲ ገና ይጠበቃል። ከእናንተ መካከል ይነሣ ይሆን?

አሁን ደስ የሚለን ነገር መጣ። ስለ አፄ ዮሐንስ «ዮሐንስ»፣ ስለ ራስ አሉላም «አሉላ አባ ነጋ» የተባሉትን በታሪክ ላይ የተመሠረቱ መጻሕፍት የጻፉት አቶ ማሞ ውድነህ የዋግ ተወላጅ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ተወልደው በ2004 ዓ.ም. ያረፉት እኚህ ደራሲ፣ ከአገራቸው የወጣውን ንጉሥ ያሸነፉትን ንጉሥ ታሪክ ለመጻፍ ብዕራቸውን አልነፈጉም። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛን ሰው ያሸነፈውን ሰው በእርሱ ወገን ሆኖ ማየት የሚችል የዋግ ልጅ ነበረን ማለት ነው። «አሉላ አባ ነጋ»ን በተለይ የጦር ሜዳ ታሪክ ለሚወዱ እንመክራለን። በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ከ400 በላይ የጣልያን ወታደሮች የወደቁበት ጦርነት ስም በሮማ አደባባይ ሳይቀር ሲታወስ ይኖራል፤ እኛ ደግሞ የድል አድራጊውን ታሪክ በአማርኛ እናነባለን።

አቶ ማሞ ከዚህ ይልቅ በወጣቶች ዘንድ የታወቁት በስለላ መጻሕፍት ነው። በደርግ ዘመን ወጣት የነበሩ ወንድሞቻችን «የኦዴሳ ማህደር»ን እየተቀባበሉ በአንድ ሌሊት ይጨርሱት እንደ ነበር ይነግሩናል። እኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ «ሰላዩ ሬሳ»ን እናስቀድማለን፤ ምክንያቱም እውነተኛ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዞች የአንድ የሞተ ሰው አስከሬን የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ የሐሰት ደብዳቤዎች የያዘ ቦርሳ አስይዘው በስፔን ባሕር ዳርቻ ጣሉት። ጀርመኖች ደብዳቤውን አመኑ፤ ጦሩ የሚመጣው በሲሲሊ ሳይሆን በሌላ በኩል መስሏቸው ኃይላቸውን በተኑ። አስደናቂ ነው። ነገር ግን ባነበብነው ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ያ ሙት ፈቃዱ አልተጠየቀም። ብዙ ወታደር ለማዳን ሲባል የአንድን ድኃ ሰው አስከሬን እንዲህ መጠቀም ይገባልን? ግማሾቻችን «ይገባል፤ ስንት እናት ከለቅሶ ዳነች» አልን፤ ግማሾቻችን «የሰው ሥጋ ዕቃ አይደለም» አልን። እስካሁን አልተስማማንም፤ የጀብዱ መጽሐፍ ይህን ያህል ካከራከረ ጊዜ ማባከኛ ነው የሚለው ወቀሳ አይጸናበትም።

ስለ ፋሺስት ወረራ ዘመን ከተጻፉት ውስጥ የሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ባሻ ቅጣው» በ1976 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን አንድ ተራ ሰው በዚያ ዘመን ያየውን የሚያሳይ ነው። ጥሩነቱ ጀግናው ራስ ወይም ደጃዝማች አለመሆኑ ነው። ከእርሱ ጎን ለጎን የክቡር ዶክተር ሐዲስ «ትዝታ» ይነበብ። እርሱ ልብ ወለድ አይደለም፤ ደራሲው ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ በኢጣልያ ደሴቶች ታስረው ያዩትን የጻፉበት ነው። አንዱ የተፈጠረ፣ አንዱ የደረሰ ነው፤ ሁለቱን ስታነጻጽሩ የቱ ይበልጥ እንደሚያሳምማችሁ ተመልከቱ።

እዚህም ላይ የዋግ ስም በመጽሐፍ ውስጥ ሲፈለግ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ክረምት በዋግና በላስታ የተነሣውን የአርበኞች ዐመፅ መርተው፣ በመስከረም 1930 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወድቀው ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቈረጠ። ጠላት ይህን ያደረገው ሕዝቡን ለማስፈራራት ነበር። ይህ በታሪክ መጻሕፍት ተመዝግቧል፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ልጅ የነበረ ሰው ዐይን ያየውን፣ ገበሬው የት እንደ ተሸሸገ፣ ከብቱ ምን እንደ ሆነ፣ ቄሱ ታቦቱን የት እንደ ሰወረ የሚነግር ልብ ወለድ አንብበን አናውቅም። ያን ዘመን በዐይናቸው ያዩት አባቶችና እናቶች አብዛኞቹ አልፈዋል። ከእነርሱ የሰሙት ግን ገና አሉ።

ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በተባለው ባለ ሦስት ክፍል ልብ ወለዳቸው የ1966ቱን አብዮት ጽፈዋል። የመጀመሪያው ክፍል የሚነሣው ከወሎ ድርቅና ረኃብ ነው። ይህን መጽሐፍ ለታናናሾች አንሰጥም፤ ከባድ ነው። ከ18 ዓመት በላይ ለሆናችሁ ግን አንብቡት እንላለን። በዋግ ረኃብ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም፤ የ1966ቱንም የ1977ቱንም በቤተሰቡ ያልተነካ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ምናልባት ለዚህ ነው አንዳንዶቻችን ልናነበው ጀምረን የተውነው። ሌላ አገር ያለ ሰው በዚያ መጽሐፍ ረኃብን ይማራል፤ እኛ ግን ደራሲው በትክክል አይተውት እንደ ሆነ እንፈርዳለን። ገበሬው በሬውን ለመሸጥ ሲወስን፣ ዘሩን ለመብላት ሲወስን ያለውን ሰዓት ከአያቶቻችን ሰምተነዋልና የመፍረድ መብት አለን። በእኛ ግምት ደራሲው ብዙውን አግኝተውታል።

በቅርቡ ዘመን ከወጡት ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ያነበበው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ በተደጋጋሚ ታትሟል። የጣና ገዳማት፣ ምስጢር፣ ስለላ፣ ማሳደድ አለበት፤ አንባቢን ይዞ ይሮጣል። ማንበብ ለማይወድ ወንድማችሁ ብትሰጡት የማንበብ በር ይከፍትለታል፤ በዚህ ደራሲውን እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ገዳማቱ እውነተኛ ስለ ሆኑ፣ በገዳማቱ ውስጥ የተባለውም ሁሉ እውነት የሚመስላቸው ወጣቶች አጋጥመውናል። አንድ ልጅ በጣና ደሴት ስላለ ምስጢር ሲያስተምረን ቆይቶ «ከየት አነበብከው?» ብንለው ልብ ወለድ ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉ በሽፋኑ ልብ ወለድ ነኝ ብሏል፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ምስጢር ያማረው ወጣት ደግሞ እስከ ጣና መሄድ አያስፈልገውም። ከሰቆጣ ብዙ በማይርቀው በውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ ከአንድ ዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቀደሙት የዋግ ሹማምንት አስከሬን ሳይፈርስ በሣጥን ተቀምጦ ይገኛል። ስንቶቻችን ነን በአጠገቡ አልፈን የማን እንደ ሆነ ያልጠየቅነው?

ከባሕር ማዶ መጻሕፍት አንዱን ብቻ እናንሣ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. «ራስላስ» የተባለ ታሪክ ጻፈ፤ ጀግናው በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ተዘግቶ ያደገ፣ ከዚያ አምልጦ ደስታን ፍለጋ የወጣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነው። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን አገራችንን በእግሩ ረግጦ አያውቅም፤ ያነበበው የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ነበር። ሰው ያላየውን አገር ሲጽፍ ምን ይመስላል የሚለውን ለማየት ጥሩ ነው፤ ለመደነቅም ለመሣቅም። ደስታን ፍለጋ የሚለው ነገሩ ግን ከአገር አገር የሚለይ አይደለም።

እንዴት እናንብብ ለሚለው፣ በእኛ ዘንድ የተሞከረው ይህ ነው። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ ስለ ሆነ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌሎቹ ይሰማሉ። ድምፀ መልካም አንባቢ ምረጡ፤ ወጋየሁን መምሰል ግን አይጠበቅበትም። አንድ ደብተር ይኑር። በአንድ ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት በእውነት የኖሩ ሰዎችና የተደረጉ ነገሮች፣ በሌላው ገጽ ደራሲው የፈጠራቸው ይጻፉ። ካልታወቀ በሦስተኛው ገጽ «ይጠየቅ» ተብሎ ይቀመጥ። መጀመሪያ ሰሞን ሦስተኛው ገጽ ከሁለቱ ይበልጥ ይሞላል፤ አትደንግጡ። መልሱ ከታሪክ መጻሕፍት፣ ከአስተማሪዎች፣ ከካህናትና ከሽማግሌዎች ይፈለጋል።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ በኽምጣና የሚናገሩትን በኽምጣና ጠይቋቸው። አማርኛ የሚችሉ እንኳ የልጅነታቸውን ነገር በአፍ መፍቻቸው ሲናገሩ ሌላ ነው፤ ስድቡ፣ ፉከራው፣ የቦታው ስም በትርጉም ይጠፋል። የተናገሩትን እንዳሉት ጻፉት፤ የተናገሩበትን ቀንና ቦታም አብራችሁ መዝግቡ። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ቢነግሯችሁ አንዱን አትሰርዙ። የዋግሹም ወገን የነበረው ቤትና የገበሬው ቤት የሚያስታውሱት አንድ ላይሆን ይችላል፤ እንደ ደራስያኑ ሁሉ ሽማግሌም ከአንዱ በቅሎ ላይ ነው የሚያየው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአዳራሹ «ጦቢያ»ን እንጀምራለን። ቅጂው አንድ ብቻ ስለ ሆነ ማንም ወደ ቤቱ ይዞት እንዳይሄድ እናሳስባለን። ደብተርና እርሳስ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ወይም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን የሚመለከት ከአያቱ የሰማ ነገር ያለውም ሰው አስቀድሞ ለጽሑፍ ክፍሉ ቢነግረን፣ በዚያው ዕለት ከንባቡ በፊት ጊዜ እንሰጠዋለን።